የወቅት ዕቃ፦ መግባቱ ቀላል ነው፣ ሱቁን የሚጎዳው መውጫው ነው

ወቅት ሊቀየር ሲል የባለሱቅ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቪትሪኑ ላይ ነው። ጃንጥላው ወደ ፊት ይምጣ፣ ነጠላ ጫማው ወደ ኋላ ይግባ፣ ሹራቡ ይሰቀል። ይህ መደረግ አለበት፤ ግን ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው፣ ሁለት ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ገንዘቡ የሚቀልጠው ሌላ ቦታ ነው፦ ገበያው ሞቅ ባለ ሰሞን «እየሄደልን ነው» ተብሎ በሚላክ የመጨረሻ ትዕዛዝ፣ በዘገየ ቅናሽ፣ እርጥበቱ ሳይወጣ በታሸገ ካርቶን። ወደ ወቅቱ መግባትን ማንም አያጣውም። ሙያው ሳይጎዱ መውጣት ላይ ነው።

ቀን የሚጠራው ዕቃና አየር የሚጠራው ዕቃ

ሁለቱን መለየት ከሁሉም ይቀድማል። ደብተር፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የበዓል ማስጌጫ፣ የስጦታ መጠቅለያ ቀን የሚጠራቸው ናቸው። ገበያቸው ቀኑ እስኪደርስ እየጋለ ይመጣና ቀኑ ባለፈ ማግስት ቀጥ ይላል። ጃንጥላ፣ ቦት ጫማ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ቬንትሌተር፣ ማሞቂያ ደግሞ አየር የሚጠራቸው ናቸው። ሰው ጃንጥላ የሚገዛው የዝናብ ወቅት በካሌንደር ስለገባ አይደለም፤ መንገድ ላይ ዝናብ ሲይዘው ነው። የዚያን ቀን ጃንጥላው መጋዘን ውስጥ በካርቶን ከሆነ ሽያጩ ለጎረቤት ሱቅ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ ልዩነት ሁለት የተለያዩ የግዢ ልማዶች ይወጣሉ። ቀን የሚጠራውን ዕቃ ትንሽ አሳንሶ ማዘዝ ይሻላል፤ ያለቀበት ሱቅ የሁለት ቀን ገበያ ያጣል፣ የተረፈው ሱቅ ግን ዕቃውን አንድ ዓመት ያስቀምጣል። አየር የሚጠራውን ደግሞ አስቀድሞ ማስገባትና በሁለት ዙር ማዘዝ ይቻላል፤ ምክንያቱም አየሩ ቢዘገይም ገበያው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።

ቀን በሚጠራው ዕቃ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ የዘንድሮውን ሳምንት ካምናው ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማወዳደር። በጨረቃ አቆጣጠር ብቻ የሚውል በዓል በፀሐይ ካሌንደር ላይ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይመጣል። አምና በወሩ መጨረሻ የነበረው የሽያጭ ጫፍ ዘንድሮ በወሩ አጋማሽ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከቀኑ ጎን «በዓሉ 3 ሳምንት ሲቀረው»፣ «2 ሳምንት ሲቀረው» እየተባለ ይጻፍ። የሚወዳደረው ይህ ነው።

ካለፈው ዓመት መዝገብ ምን ይወሰዳል

የወቅቱን ጉልበት በቁጥር ለማየት ከባድ ሂሳብ አይጠይቅም። የአንድን ዕቃ የወር ሽያጭ በዓመቱ የወር አማካይ ማካፈል ነው። የዝናብ ካፖርት በዓመት 600 ከሄደ የወር አማካዩ 50 ነው። በዋናው የዝናብ ወር 140 ከሄደ 140 ለ50 ሲካፈል 2.8 ይሆናል፤ ያ ወር ከተራ ወር ወደ ሦስት እጥፍ ይሸጣል ማለት ነው። በደረቁ ወር 10 ከሄደ ደግሞ 0.2 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ 140 የተሸጠው ብቻ ነው፤ የተፈለገው አይደለም። በዚያ ወር ካፖርቱ ለ10 ቀን አልቆ ከነበረ 140ው የሄደው በ20 ቀን ነው፣ በቀን 7። ዕቃው ሙሉውን 30 ቀን ቢኖር 210 ይሄድ ነበር። የዓመቱ ድምር ወደ 670 ከፍ ይላል፣ አማካዩ ወደ 56፤ የወሩ ጉልበትም ከ2.8 ወደ 3.8 ይዘላል። ይህን ሳያርሙ በ140 ላይ ተመሥርቶ ያዘዘ ሱቅ ዘንድሮም በ20ኛው ቀን ባዶ መደርደሪያ ያያል፤ በዓመቱም ያንኑ 140 መዝግቦ ስህተቱን ይደግመዋል። ስለዚህ ዕቃ ያለቀበትና እንደገና የገባበት ቀን ከሽያጩ እኩል መመዝገብ አለበት። ደብተር ይበቃል፤ ኮምፒውተር ግድ አይደለም።

አየር ለሚጠራው ዕቃ የአንድ ዓመት ቁጥር አይታመንም። የሦስት ዓመት ካለ፣ በመሐል አንዱ ዓመት ዝናቡ የቀረበት ወይም ያለቅጥ የዘነበበት ከሆነ፣ ከአማካዩ ይልቅ መካከለኛውን ቁጥር (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን) መውሰድ ይሻላል። 90፣ 210፣ 230 ቢሆን አማካዩ 177 ነው፤ መካከለኛው ግን 210 ነው፣ ለእውነቱም የሚቀርበው እሱ ነው።

የትዕዛዙ ቀን ወደ ኋላ ይቆጠራል

አዲሱ ዕቃ ሽያጩ ይጀምራል ተብሎ ከሚታሰበው ቀን 3 ሳምንት ቀድሞ መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ጥሩ ነው። እንዲሸጥ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ዝናቡ ሲይዘው «እዚያ ሱቅ አይቻለሁ» እንዲል ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ 21 ቀን ለቅድሚያው፣ 3 ቀን ለመፍታት፣ ለመቁጠርና ዋጋ ለመለጠፍ፣ አከፋፋዩ የሚወስደው 25 ቀን፣ ለመዘግየት 7 ቀን። ድምሩ 56 ቀን፣ ማለትም 8 ሳምንት። በ25 ቀን ቦታ የሚገባው አከፋፋዩ በአፉ የሚናገረው ቀን አይሁን፤ ካለፉት ደረሰኞች ላይ ከታዘዘበት እስከ ደረሰበት ተቆጥሮ የተገኘው ይሁን። በወቅቱ ዋዜማ ሁሉም ሱቅ ስለሚያዝ ደግሞ ከተራው ወር ይረዝማል።

ከጠቅላላው ፍላጎት 60 በመቶውን በመጀመሪያው ዙር፣ 40 በመቶውን በሁለተኛው ማዘዝ ለአብዛኛው አየር ጠሪ ዕቃ ይሠራል። ሁለተኛው ዙር አስቀድሞ በቃል ይያዝ፣ ግን ዓይነቱና ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሽያጭ ከታየ በኋላ ይወሰን። ጥቁሩ እየሄደ ቀዩ ቆሞ ከሆነ ሁለተኛው ዙር ጥቁር ብቻ ይሆናል። ሙሉውን አንድ ጊዜ መግዛት በፍሬ ትንሽ ሊያስቀንስ ይችላል፤ ይህ ቅናሽ ግን ከሚተርፈው ዕቃ ኪሳራ ጋር መመዛዘን አለበት፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል።

አሁን ወደ ዋናው። ለእያንዳንዱ የወቅት ዕቃ «ከዚህ ቀን በኋላ አይታዘዝም» የሚባል ቀን ወቅቱ ሳይጀመር መጻፍ አለበት። ሂሳቡ አጭር ነው። ወቅቱ 12 ሳምንት ነው እንበል። የሚመጣው ዕቃ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥበት ቢያንስ 4 ሳምንት ይፈልጋል። አከፋፋዩ 3 ሳምንት ተኩል ይወስዳል። 12 ሲቀነስ 4፣ ሲቀነስ 3.5፣ 4.5 ይቀራል። የመጨረሻው ትዕዛዝ የሚላከው በአምስተኛው ሳምንት አጋማሽ ላይ ነው ማለት ነው፤ ገበያው ገና ወደ ጫፉ እየወጣ ሳለ! በስምንተኛው ሳምንት መደርደሪያው ሲሳሳ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚታዘዘው ዕቃ የሚደርሰው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። በስምንተኛው ሳምንት መደርደሪያው መሳሳቱ ጤና ነው፤ አትደንግጡ። የሳሳውን በሚቀጥለው ወቅት ዕቃ ሙሉት።

ገንዘቡም በዚሁ ይለካ። ለወቅቱ የታቀደው ሽያጭ 500 ፍሬ፣ በመጨረሻ እንዲቀር የሚፈለገው 50፣ እጅ ላይ ያለው 80፣ የታዘዘና ያልደረሰው 120 ቢሆን፣ ገና ሊገዛ የሚችለው 500 ሲደመር 50፣ ሲቀነስ 80፣ ሲቀነስ 120፣ ማለትም 350 ነው። አከፋፋዩ ሱቅ ድረስ መጥቶ «ይህን አዲስ መጣ፣ ውሰዱ» ሲል ይህ ቁጥር እጅ ላይ ካለ ክርክር የለም።

ቁጥር ሲሰበር

ልብስና ጫማ ላይ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ዕቃው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ቁጥሩ ስለተሰበረ፣ ማለትም መካከለኛው ልክ አልቆ ጫፍና ጫፉ ብቻ ስለቀረ ነው። 24 ሹራብ ሲገዛ ከአራቱም ቁጥር ስድስት ስድስት መውሰድ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ገዢው ግን እኩል አልተከፋፈለም። መነሻ መዝገብ ከሌለ 1፣ 2፣ 2፣ 1 ጥሩ መጀመሪያ ነው፦ ትንሹ 4፣ መካከለኛው 8፣ ትልቁ 8፣ በጣም ትልቁ 4። ከአንድ ወቅት በኋላ ከራስ ሽያጭ ይስተካከላል። ሕፃናት ልብስ ላይ ይህ ምጥጥን አይሠራም፤ እዚያ በዕድሜ ነው የሚሄደው።

መካከለኛዎቹ ሲያልቁ የቀሩት ጫፍና ጫፍ በየዲዛይኑ ተበታትነው ሙሉ መስቀያ ይይዛሉ። ያኔ አሰቃቀሉን ከዲዛይን ወደ ቁጥር መቀየር ያዋጣል፤ ትናንሾቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ ትልልቆቹ ሁሉ አንድ ላይ። ትንሽ ቁጥር የሚለብስ ሰው ከአምስት ዲዛይን ሲመርጥ ሱቁ የተሟጠጠ አይመስለውም። ለዓይን ዝርክርክ ነው፣ ግን ይሸጣል።

ቅናሽ፦ ቀደም ብሎ ትንሽ፣ ዘግይቶ ብዙ

በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ለእያንዳንዱ የወቅት ዕቃ አንድ ሂሳብ ይሠራ፦ የቀረው ፍሬ ካለፉት ሁለት ሳምንታት የሳምንት አማካይ ሽያጭ ጋር። 48 ቬንትሌተር ቀርቶ በሳምንት 6 እየሄደ ከሆነ የ8 ሳምንት ዕቃ አለ። ሙቀቱ 5 ሳምንት ከቀረው 30 ይሄዳል፣ 18 ይተርፋል፤ ይህ ግን በጎው ነው። የወቅት ጅራት ሁልጊዜ ይቀጥናል፤ 6፣ 6፣ 5፣ 3፣ 2 ብሎ ማሰብ ይሻላል። ድምሩ 22 ነው፤ 26 ይተርፋል። ቅናሹ መጀመር ያለበት ዛሬ ነው፤ ሽያጩ ሲሞት አይደለም።

ለምን ቀደም ብሎ? በ100 ተገዝቶ በ160 የሚሸጥ ዕቃ 60 ያተርፋል። በ10 በመቶ ሲቀነስ 144 ይሆናል፣ ትርፉ 44 ነው፤ የ10 ፍሬ ትርፍ ለማግኘት 14 መሸጥ ያስፈልጋል። በ20 በመቶ 128፣ ትርፉ 28፤ ከ21 በላይ መሸጥ አለበት። በ30 በመቶ 112፣ ትርፉ 12፤ 50 ፍሬ! በግማሽ ዋጋ 80 ነው፣ በየፍሬው 20 ይጠፋል። በስድስተኛው ሳምንት የተደረገ የ10 በመቶ ቅናሽ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ከሚመጣው የግማሽ ዋጋ ማስታወቂያ ያድናል። ገዢ ገና ሲኖር ትንሽ ቅናሽ ያንቀሳቅሰዋል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግን ጃንጥላ በነጻ ቢሰጥም የሚሸከመው ጥቂት ነው።

ሁሉንም ዕቃ በአንድ ላይ መቀነስ ስንፍና ነው። የሚሄደው በሙሉ ዋጋው ይሂድ፤ ቀይ ስቲከር የቆመው ላይ ብቻ ይለጠፍ። ሁለተኛው ደረጃ ከመጀመሪያው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይራቅ፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። በየሳምንቱ የሚቀንስ ሱቅ ደግሞ ደንበኛውን መጠበቅ ያስተምረዋል።

ማስቀመጥ ወይስ ማውጣት

«ለከርሞ ይሸጣል» የምትለዋ ቃል ብዙ ካፒታል አስራለች። አንዳንዴ እውነት ናት፤ በሂሳብ ትፈተን። አንድ ፍሬ ዛሬ በ90 ይወጣል፣ ለከርሞ በ150 ይሸጣል እንበል። በማስቀመጥ ከመቶው 15 ቢበላሽ ወይም ቢያረጅ 150ው 127.50 ይሆናል፤ የመጋዘን ቦታው ገና አልተቆጠረም። በሌላ በኩል ያ 90 ዛሬ ከወጣና ዓመቱን በሙሉ በሚሄድ ዕቃ ላይ ሦስት ጊዜ ተዙሮ በየዙሩ 20 በመቶ ቢያተርፍ፣ 108፣ ከዚያ 129.60፣ ከዚያ 155.52 ይሆናል። ዛሬ በ90 መሸጡ በልጧል። ገንዘቡ ሌላ ሥራ ከሌለውና ዕቃው የማይበላሽ፣ ፋሽን የማይነካው ከሆነ (ተራ ጥቁር ጃንጥላ፣ የጎማ ቦት) ማስቀመጡ ያዋጣል። ልዩ ቀለም፣ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ዕቃ፣ የአገልግሎት ጊዜ ያለው ክሬም፣ ባትሪ ውስጡ የታሸገበት መጫወቻ ይውጣ።

ጫማ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ አለ። ቀላልና ለስላሳ የሆኑት የፖሊዩረቴን (የፕላስቲክ ዓይነት) ሶሎች ሳይለበሱም ያረጃሉ። የአየሩ እርጥበት ቁሱን ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካርቶኑ ሲከፈት ላይኛው ቆዳ አዲስ ነው፣ ሶሉ ግን በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። አንዳንዴም በሱቁ ምንም አይታይም፤ ገዢው ለብሶት በወጣ በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ይለያያል፣ ሱቁም ስሙን ያጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጫማ ከአንድ ወቅት በላይ አይቀመጥ፤ ከተቀመጠም ከመሸጡ በፊት ሶሉ በአውራ ጣት ይጫን፣ ጎንበስ ተደርጎ ይታጠፍ፣ የማጣበቂያው መስመር ይታይ።

አስተሻሸግ

የሚቀመጠውን ዕቃ የሚገድለው በዋናነት እርጥበት ነው። ሻጋታ የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ሲያልፍና እዚያው ሲቆይ ይነሣል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከበሩ ርቆ፣ በታችኛው መደርደሪያ ከፍታ ይሰቀል። ከ45 እስከ 60 ባለው መሐል ከሆነ ሰላም ነው። ካርቶን መሬት አይነካ፤ ፓሌት ወይም ጣውላ ላይ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም ያንኑ ያህል ይራቅ። ግድግዳው ሌሊት ሲቀዘቅዝ የሚያልበው ጠል በቀጥታ ወደ ተጠጋው ካርቶን ይገባል፤ ከፊት ደረቅ የሚመስለው ካርቶን ጀርባው የሚሻግተው ለዚህ ነው።

እርጥበት የሚመጠው የከረጢት ሲሊካ ጄል ተአምር አይሠራም። የሚሠራው በተዘጋ ነገር ውስጥ ብቻ ነው፤ ክዳኑ በማይገጥም ካርቶን ውስጥ የተጣለ ከረጢት የመጋዘኑን አየር ለማድረቅ ሲታገል በጥቂት ቀን ይጠግባል። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ግን ቆዳ ቦርሳንና ቀበቶን በደንብ ይጠብቃል። ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ሲጠግብ በግልጽ ያሳያል፤ ከከረጢቱ አውጥቶ በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ገደማ በምድጃ ሲደርቅ እንደገና ይሠራል።

ጃንጥላ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ለማሳያ የተከፈተ ዕቃ ሁሉ ከመታሸጉ በፊት ተከፍቶ ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር። ታጥፎ የታሸገ እርጥብ ጃንጥላ ሽቦው ዝጎ፣ ጨርቁ መታጠፊያው ላይ ቡናማ መስመር አውጥቶ ይገኛል። ጫማ ውስጥ ወረቀት ይጨመር፤ ጋዜጣ ግን አይሁን፣ ቀለሙ ነጭ ገበሩን ያበላሻል።

ሱፍ ላይ ጠላቱ ብል ነው፤ የምትበላውም የምትበረው ሳትሆን ትሏ ናት። ሱፍ፣ ሐርና ላባ ትበላለች፤ ንጹሕ ጥጥና ፖሊስተር አይማርካትም። ላብና እድፍ ያለበትን ቦታ ትመርጣለች፤ ስለዚህ ደንበኞች ሲሞክሩት የከረመ ሹራብ ሳይጸዳ አይታሸግ። ጥርጣሬ ካለ ዕቃውን በፕላስቲክ በደንብ አስሮ በ−18 ዲግሪ ማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ማቆየት እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። ሲወጣ ፕላስቲኩ ወዲያው አይከፈት፤ ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቅ፣ ጠሉ ከላስቲኩ ውጭ እንዲያርፍ። ናፍታሌን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ትነቱ ከአየር እንደሚከብድ ይወቅ፤ ከላይ ይቀመጣል እንጂ ከታች አይደረግም። ሽታው በቀላሉ አይለቅም፤ የሚበላ ነገር ባለበት መጋዘን ፈጽሞ አይግባ።

ሱቁ ራሱ

ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚወድቀው መግቢያው ነው። ብዙ ሱቅ በሩ ላይ 60 ሳንቲሜትር ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ሰው በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። የአንድ እርምጃ ርዝመት 70 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም እግሮች ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲያርፉ 3 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ከደጅ ሻካራው፣ ከውስጥ ውሃ የሚጠጣው። ውስጠኛው ሁለት ቢሆን ደግ ነው፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይነጠፋል። ጠግቦ ውሃ የሚተፋ ምንጣፍ ከባዶ ወለል ይብሳል። የጃንጥላ ማስቀመጫ ከበሩ ውስጥ በስተቀኝ ወይም በስተግራ ይሁን፤ ከሌለ ሰው እርጥብ ጃንጥላውን ይዞ በልብሶቹ መሐል ያልፋል። የጣራው አሸንዳ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ይጠረግ፤ ጣራው ማፍሰሱ የሚታወቀው ደግሞ ሌሊት ነውና በመጋዘኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ውሃ የማይፈራ ዕቃ ይቀመጥ።

ሙቀት ሲመጣ ፍሪጅ ይታይ። ከኋላ ወይም ከታች ያለው ኮንደንሰር (ሙቀቱን የሚያስወጣው ቱቦ) በአቧራ ከታፈነ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ መብራት ይበላል፣ በጣም በሚሞቀው ቀን ደግሞ ይሸነፋል። በብሩሽና በቫክዩም፣ ከመብራት ተነቅሎ፣ በየሦስት ወሩ ይጸዳ፤ ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ። የበሩን ጎማ ለመፈተን ወረቀት በሩ ላይ አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል። የሚቀዘቅዘው ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች፣ በረዶ ሆኖ የሚቀመጠው −18 ይሁን፤ ከማሽኑ ቁጥር ይልቅ ውስጥ የተቀመጠ ቴርሞሜትር ይታመን።

ቸኮሌት 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ግን ከዚያ በፊትም ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ካለ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ያወጣል። ወደ ላይ የወጣ የራሱ ቅባት ነው፣ አይጎዳም። ደንበኛ ግን ሻጋታ ነው ብሎ ይመልሰዋል፣ አይፈረድበትም። የሚረጩ የግፊት ጣሳዎች ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለባቸውም፤ ፀሐይ የሚመታው ዝግ ቪትሪን ቦታቸው አይደለም።

ቪትሪኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ፀሐይ ይበላዋል። አልትራቫዮሌት የሚከለክል ላስቲክ መስታወቱ ላይ ቢለጠፍም ይዘገያል እንጂ አይቆምም፤ የሚታየውም ብርሃን ቀለም ያነሣል። በየሁለት ሳምንቱ የማሳያው ዕቃ ይቀየር፣ የታጠፈ ልብስ መታጠፊያው ይለወጥ። የካርቶን ዕቃ ከሆነ ባዶውን ካርቶን አሳይቶ ሙላቱን ከውስጥ መሸጥ ነው።

ብርድ ባለበት ቦታ ሁለት ነገር። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለምና ማጣበቂያ በረዶ ከሆነ አይመለስም፤ ሲቀልጥ ይቋጥራል፣ ወደ ውጭ በተጠጋ መጋዘን አይደር። ማሞቂያ ደግሞ በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚል ከሆነ 9 አምፔር ይስባል። 10 አምፔር የሚችል ማራዘሚያ ላይ አንድ ብቻውን በጭንቅ ይሠራል፤ ሁለተኛ ከተሰካ ገመዱ ይግላል። ማሞቂያ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካ።

ቪትሪኑን በተመለከተ

ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትቀይሩ። ወቅቱ ከመግባቱ 3 ሳምንት ቀድሞ የፊቱ ሲሶ፣ ከሳምንት በኋላ የመሐሉ፣ ከዚያ የቀረው። አየሩ ቢዘገይ የአሮጌው ወቅት ዕቃ ገና ሽያጭ ላይ ነው። ከበሩ ገባ ሲል ያለው የመጀመሪያ ሁለት ሜትር ላይ ትንንሽ ዕቃ አይቀመጥ፤ ሰው ገና ዓይኑን እያስተካከለ ስለሆነ አያየውም። ዋናው የወቅቱ ዕቃ ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ከወለሉ ከ120 እስከ 160 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ጃንጥላ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ በዘነበ ቀን ከበሩ አጠገብ፣ ካሸሩ ከሚያይበት ቦታ።

የመጨረሻው ካርቶን ሲታሸግ

በየካርቶኑ ላይ በሁለት ጎን ይጻፍ፦ ምን እንደሆነ፣ ስንት ፍሬ፣ በየትኛው ቁጥርና ቀለም፣ የታሸገበት ቀን፣ የተገዛበት ዓመት። «ልዩ ልዩ» የሚል ጽሑፍ የጠፋ ዕቃ ማለት ነው። በዚያው ቀን በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ዓይነት ስንት እንደገባ፣ በሙሉ ዋጋ ስንት እንደሄደ፣ በቅናሽ ስንት፣ ስንት እንደታሸገ፣ ያለቀበት ቀን ካለ መቼ እንደሆነ ይስፈር። ሳምንት ካለፈ ማንም አያስታውሰውም።

ካርቶኖቹ የሚከፈቱት አዲሱ ወቅት ሲገባ አይደለም፤ ትዕዛዙ ከመላኩ በፊት ነው፣ ማለትም ከ8 ሳምንት በላይ ቀደም ብሎ። ተቆጥረው፣ ሶላቸው ተጭኖ፣ ሽታቸው ታይቶ፣ ደህና የሆነው ከትዕዛዙ ላይ ይቀነስ። መጋዘን ውስጥ 30 ቦት ጫማ እያለ ሌላ 30 ማዘዝ የሚመጣው በክፋት አይደለም፤ ካርቶኑ ከኋላ ስለነበር ነው።